የማይለቅ የመንጋጋ ሕመም፦ መንስኤዎቹ፣ ሕክምናውና ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

የመንጋጋ ሕመም ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የሌላ ችግር ምልክት ነው። ከጥርስና ከድድ፣ ከመንጋጋ መገጣጠሚያ፣ ከማኘኪያ ጡንቻዎች፣ ከፊት ነርቭ፣ ከሳይነስ፣ ከምራቅ ዕጢ፣ አልፎ አልፎም ከልብ ሊነሣ ይችላል። አብዛኛው የመንጋጋ ሕመም በቀላል ሕክምናና በእንክብካቤ የሚሻል ሲሆን፣ ጥቂቱ ግን በሰዓታት ውስጥ ሕክምና ካላገኘ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛውም ሆነ ቤተሰቡ ሁለቱን ለይቶ ማወቁ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የማይለቅ ወይም እየተመላለሰ የሚያስቸግር የመንጋጋ ሕመም በጤና ባለሙያ መታየት ይኖርበታል። ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል፤ ሕክምናውም ከድንገተኛ ሕመም የተለየ አካሄድ ይጠይቃል። መንስኤው ሳይታወቅ ማስታገሻ እየወሰዱ መቆየት ወይም ጥፋተኛ መስሎ የታየን ጥርስ ማስነቀል ሕመሙን ሳያስወግድ ተጨማሪ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ የታየበት ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቅርብ ወደሚገኝ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል መወሰድ አለበት።

• የመንጋጋ ሕመሙ ከደረት መጨነቅ ወይም መክበድ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ ጀርባ ከሚሄድ ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከቀዝቃዛ ላብ ወይም ከማቅለሽለሽ ጋር ሲመጣ። ይህ የልብ ጡንቻ ደም ሲቋረጥበት የሚታይ ምልክት ሊሆን ይችላል። በሴቶች፣ በአረጋውያንና የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ደረት ላይ እምብዛም ሳይሰማ በመንጋጋና በአንገት ብቻ ሊገለጥ የሚችልበት ጊዜ አለ። በእግር ሲጓዙ ወይም ዳገት ሲወጡ የሚጀምርና ሲያርፉ የሚለቅ የመንጋጋ ሕመምም የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል።

• ከመንጋጋ በታች ወይም በአንገት ላይ በፍጥነት የሚሰፋ እብጠት፣ ከትኩሳት፣ ምራቅ ለመዋጥ ከመቸገር፣ ከድምፅ መለወጥ፣ ከምላስ ወደ ላይ መነሣት ወይም ከትንፋሽ መቸገር ጋር ሲታይ። ከጥርስ የተነሣ ኢንፌክሽን ወደ አንገት ሲወርድ የመተንፈሻ መንገድን ሊዘጋ ይችላል።

• አፍ አልከፈት ሲል፣ አንገት ሲደርቅና ሰውነት ሲገታተር፣ በተለይ ቀደም ባሉት ቀናት ወይም ሳምንታት ቁስል ከነበረ። ይህ የመንጋጋ ቆልፍ ወይም ቲታነስ ምልክት ነው። ቁስሉ ትንሽ ወይም የዳነ መስሎ መታየቱ በሽታው የለም ማለት አይደለም።

• በመውደቅ፣ በመኪና አደጋ ወይም በድብደባ ምክንያት ጥርሶች እንደ ቀድሞው አልገጥም ሲሉ፣ ከአፍ ደም ሲፈስ ወይም የታችኛው ከንፈር ሲደነዝዝ።

• ሲያዛጉ ወይም ሰፋ አድርገው ሲጎርሱ አፍ ተከፍቶ አልዘጋ ሲል። ይህ የመንጋጋ ውልቃት ነው፤ የሚመልሰው የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው።

• ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ፣ ሲያኝኩ የሚብስ የመንጋጋ ሕመም ከአዲስ ራስ ምታት፣ የራስ ቆዳ ሲነካ ከማመም ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር ሲመጣ። ይህ የደም ሥር ብግነት ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሕክምናው ከዘገየ ለዘለቄታው ዓይነ ስውርነት ያሰጋል።

የመንጋጋ አሠራር

የታችኛው መንጋጋ በቀኝና በግራ ጆሮ ፊት ለፊት በሚገኙ ሁለት መገጣጠሚያዎች ከራስ ቅል ጋር ይያያዛል። ጣትን ከጆሮ ፊት አድርጎ አፍን የከፈተና የዘጋ ሰው መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ ይሰማዋል። በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ለስላሳ ዲስክ አለ። አፍ ሲከፈት መገጣጠሚያው እንደ ማጠፊያ ከመታጠፉም በላይ ወደ ፊት ይንሸራተታል። እንቅስቃሴውን የሚመሩት በጉንጭና ከጆሮ በላይ ባለው የራስ ጎን የሚገኙት የማኘኪያ ጡንቻዎች ናቸው።

ለጥርስ፣ ለድድ፣ ለመንጋጋ፣ ለሳይነስና ለማኘኪያ ጡንቻዎች ስሜት የሚሰጠው አንድ ዐቢይ የፊት ነርቭ በመሆኑ፣ ሕመሙ ከተነሣበት ቦታ ርቆ ሊሰማ ይችላል። የታችኛው የመጨረሻ ጥርስ ሲታመም ጆሮ የሚቆጠቁጠው፣ ጡንቻ ሲታመምም ጤነኛ ጥርስ የታመመ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

የተለመዱ መንስኤዎች

ጥርስና ድድ

አብዛኛውን ጊዜ የመንጋጋ ሕመም የሚነሣው ከጥርስ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ሲነካው ብቻ ይጠዘጥዛል። መቦርቦሩ ወደ ጥርሱ ነርቭ ሲደርስ ሕመሙ ራሱን ችሎ የሚመጣ፣ ሌሊት የሚብስና እንቅልፍ የሚነሣ ይሆናል። ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል፤ ይህ ግን መዳን አይደለም። ኢንፌክሽኑ በሥሩ ጫፍ መግል ይቋጥርና ሲነክሱበት የሚያም፣ ድድን ወይም ጉንጭን የሚያሳብጥ ሆኖ ይመለሳል።

በአብዛኛው ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚወጣው የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ በቂ ቦታ ሲያጣ ግማሹ በድድ ተሸፍኖ ይቀራል። በድዱ ሥር ምግብ ሲጠራቀም ኢንፌክሽን ይፈጠራል፤ አፍ መክፈትና መዋጥም ያስቸግራል። ጥርስ ከተነቀለ ከ2 እስከ 4 ቀን በኋላ የሚጀምር ከባድ ሕመም ደግሞ ቁስሉን የሸፈነው የረጋ ደም ወጥቶ አጥንቱ ሲገለጥ የሚከሰት ነው። ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

የመንጋጋ መገጣጠሚያና የማኘኪያ ጡንቻዎች ሕመም

ጥርስ ጤነኛ ሆኖ ለሳምንታትና ለወራት የሚቆይ የመንጋጋ ሕመም ብዙ ጊዜ ከመገጣጠሚያው ወይም ከጡንቻው የሚነሣ ነው። ችግሩ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ፣ በተለይም ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ጎልቶ ይታያል። የተለመዱት ምልክቶች ከጆሮ ፊት የሚሰማ ድብን ያለ ሕመም፣ ሲያኝኩ የሚመጣ ድካም፣ ጠዋት ሲነሡ የመንጋጋ መያያዝ፣ ራስ ምታት፣ አፍ ሲከፈት ቀጭ የሚል ድምፅ እንዲሁም አፍን እንደ ልብ ለመክፈት አለመቻል ናቸው። ሕመም የሌለበትና አፍ መክፈትን የማያግድ ድምፅ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይም ስለሚገኝ ብቻውን ሕክምና አያስፈልገውም።

ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት ወይም ከሚያባብሱት ነገሮች መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል።

• በእንቅልፍ ልብ ጥርስን ማፋጨት፣ ወይም በሥራና በሐሳብ ጊዜ ሳያስተውሉ ጥርስን ገጥሞ መያዝ።
• ጫትን በአንድ ጉንጭ ይዞ ለረጅም ሰዓት መቃም፣ ማስቲካ ማዘውተር።
• ጠንካራ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ሸንኮራ አገዳ በብዛት ማኘክ።
• ጠርሙስን በጥርስ መክፈት፣ ክርና ጥፍርን በጥርስ መቁረጥ።
• ጭንቀት፣ የእንቅልፍ ማጣትና የስሜት መጎዳት።
• በአንድ ወገን የጠፉ ጥርሶች ሳይተኩ ቀርተው በሌላው ወገን ብቻ ማኘክ።
• የመገጣጠሚያ ቁርጥማትና ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የመገጣጠሚያ መሸርሸር።

ጉዳትና የመገጣጠሚያ መጣበቅ

በአገጭ ላይ የደረሰ ምት ከላይ ቁስል ባይታይም በጆሮ ፊት ያለውን የመንጋጋ አንገት ሊሰብር ይችላል። በሕፃናት ላይ ይህ ዓይነቱ ጉዳት ሳይታከም ሲቀር፣ ወይም የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን ወደ መገጣጠሚያው ሲዛመት፣ መገጣጠሚያው ከራስ ቅል አጥንት ጋር ተጣብቆ አፍ መክፈት ያቅታል። የልጁ አገጭ ከዕድሜው ጋር ሳያድግ ወደ ኋላ ይቀራል፤ መመገብ፣ ጥርስ ማጽዳትና በእንቅልፍ መተንፈስም ይቸገራል። በአገጩ ወድቆ አፉን እንደ ቀድሞው የማይከፍት ልጅ ሕመሙ ቢለቀውም እንኳ መታየት አለበት።

የፊት ነርቭ ሕመም

ከጥቂት ሰከንዶች እስከ 2 ደቂቃ የሚቆይ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚያነዝርና በፊት በአንድ ወገን ብቻ የሚመጣ ከባድ ሕመም የፊት ነርቭ ሕመም ምልክት ነው። ፊት መታጠብ፣ ጥርስ መፋቅ፣ መናገር፣ ማኘክ ወይም ነፋስ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከ50 ዓመት በኋላ ይጀምራል። ሕመሙ ከጥርስ የመጣ ስለሚመስል ታካሚዎች ጤነኛ ጥርሶችን አንድ በአንድ አስነቅለው ሕመሙ እንዳለ የሚቀርበት ሁኔታ ያጋጥማል።

ሳይነስና የምራቅ ዕጢ

በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለው ሳይነስ ሲቆጣ ሕመሙ በላይኛው መንጋጋ ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ጥርሶችን ያዳርሳል፤ ጎንበስ ሲሉም ይብሳል፤ የአፍንጫ መዘጋት ወይም ወፍራም ፈሳሽ አብሮት ይታያል። ምግብ ሲቀርብ ወይም ሲበላ ከመንጋጋ በታች የሚያብጥና ከምግብ በኋላ የሚጎድል ሕመም በምራቅ ቧንቧ ውስጥ ጠጠር መኖሩን ያመለክታል። በሕፃናትና በወጣቶች ላይ ከጆሮ ሥር በአንድ ወይም በሁለት ወገን የሚታይ እብጠት ከትኩሳት ጋር ሲመጣ ጆሮ ደግፍ ሊሆን ይችላል።

የመንጋጋ አጥንት በሽታዎችና ዕጢዎች

በጊዜው ያልታከመ የጥርስ ኢንፌክሽን ወደ አጥንቱ ዘልቆ በቆዳ ላይ እየፈነዳ መግል የሚያወጣ ቁስል ሊፈጥር ይችላል። በጭንቅላትና በአንገት ላይ የጨረር ሕክምና የወሰዱ፣ እንዲሁም ለአጥንት መሳሳት ወይም ወደ አጥንት ለተሰራጨ ካንሰር የተወሰኑ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች ጥርስ ሲነቀልላቸው አጥንታቸው ላይድን ስለሚችል፣ ይህንን አስቀድመው ለሐኪሙ መንገር ይኖርባቸዋል።

በመንጋጋ ላይ ያለ ሕመም ቀስ እያለ የሚያድግ እብጠት፣ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ በአፍ ውስጥ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የከንፈር መደንዘዝ ወይም በአንገት ላይ ጠጣር እብጠት ሁሉ የዕጢ ምርመራ ይፈልጋሉ። የመንጋጋ ዕጢዎች በመጀመሪያ ላያሙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሕመም አለመኖሩ መዘናጊያ ሊሆን አይገባም። ትንባሆና አልኮል የአፍ ካንሰርን አደጋ ይጨምራሉ፤ ሁለቱ ሲጣመሩም አደጋው ይበልጥ ይበረታል።

ለምርመራ መዘጋጀት

የጤና ባለሙያው ወደ ትክክለኛው መንስኤ የሚደርሰው በአብዛኛው ታካሚው በሚሰጠው መረጃ ነው። ከመሄድ በፊት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ማዘጋጀት ምርመራውን ያፋጥናል።

• ሕመሙ መቼ ጀመረ? ከጉዳት፣ ከጥርስ ሕክምና ወይም ከከባድ ጭንቀት በኋላ ነውን?
• በአንድ ቦታ የተወሰነ ነው ወይስ ይሰራጫል?
• ስንት ጊዜ ይቆያል? የሚጠዘጥዝ፣ ድብን ያለ ወይስ የሚያነዝር ነው?
• የሚያባብሰው ምንድን ነው? ትኩስ፣ ቀዝቃዛ፣ ማኘክ፣ ጎንበስ ማለት፣ መራመድ ወይስ መነካት?
• ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ? አብሮ የሚተኛ ሰው የጥርስ ማፋጨት ድምፅ ሰምቷልን?
• ምን መድኃኒት ተወስዷል? ለውጥስ አምጥቷልን?
• ሌላ ሕመም፣ እርግዝና ወይም የመድኃኒት አለርጂ አለን?

አፍ ምን ያህል እንደሚከፈት ለማወቅ ታካሚው የራሱን ሦስት ጣቶች፣ ማለትም ሌባ ጣትን፣ የመሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን ገጥሞ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶች መካከል ቁመተ ላይ ማስገባት መቻሉን ይሞክራል። አብዛኛው ጤነኛ አዋቂ ይችላል። ሁለት ጣት እንኳ የማይገባ ከሆነ ወይም መጠኑ ከቀን ወደ ቀን ከቀነሰ ምርመራው መዘግየት የለበትም።

በጤና ተቋም ባለሙያው ጥርስን፣ ድድን፣ ጡንቻንና መገጣጠሚያን በመዳሰስ ይመረምራል፤ እንደ አስፈላጊነቱ የጥርስ ወይም የመንጋጋ ራጅ ያዛል። ሲቲ ስካን፣ ኤም አር አይ፣ የደም ምርመራ ወይም ናሙና መውሰድ የሚያስፈልገው በተወሰኑ ሁኔታዎች ብቻ ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ

አስቸኳይ ምልክት የሌለበትና ከጡንቻ ወይም ከመገጣጠሚያ የተነሣ ሕመም በሚከተለው እንክብካቤ በሳምንታት ውስጥ ሊሻል ይችላል።

• መንጋጋን ማሳረፍ። ለጥቂት ሳምንታት እንደ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሾርባ፣ ሽሮ ፍትፍትና እርጎ ያሉ ለስላሳ ምግቦችን መመገብ፤ በትንሽ በትንሹ መጉረስና በሁለቱም ወገን ማኘክ።
• ከንፈርን ገጥሞ ጥርስን ማላላት። ምግብ በማይበላበት ጊዜ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ መነካካት የለባቸውም፤ የምላስ ጫፍም ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ባለው ላንቃ ላይ ዘና ብሎ ይቀመጣል።
• በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ተጨምቆ በታመመው ጡንቻ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቀን ጥቂት ጊዜ ማድረግ። አዲስ ጉዳት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ ያህል ይመረጣል። መግል በቋጠረ እብጠት ላይ ሙቀት ማድረግ አይገባም።
• ሲያዛጉ አገጭን በእጅ ደግፎ አፍ ከመጠን በላይ እንዳይከፈት መከላከል።
• ምላስን ከላንቃ ሳያላቅቁ አፍን ቀስ ብሎ መክፈትና መዝጋት፣ የሚያም ሲሆን ማቆም።
• ጫትና ማስቲካ ማቆም፣ በሆድ መተኛትንና ስልክን በአገጭና በትከሻ መካከል ይዞ ማውራትን መተው።

ከጥርስ የተነሣ ሕመም ግን በእነዚህ ዘዴዎች አይድንም። ለብ ባለ ጨው ውኃ መጉመጥመጥ ለጊዜው ያስታግሳል፤ የተቦረቦረው ጥርስ ወይም የተቋጠረው መግል ግን የባለሙያ ሕክምና ይፈልጋል።

የሕመም ማስታገሻ አጠቃቀም

ለአዋቂ ሰው ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም 1 ወይም 2 ፍሬ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መውሰድ ይቻላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ፍሬ ወይም ከ4,000 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። የጉበት ሕመም ያለባቸውና አልኮል የሚያዘወትሩ ሰዎች መጠኑን ከባለሙያ ጋር መወሰን አለባቸው። ኢቡፕሮፌን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም በቀን እስከ 3 ጊዜ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ1,200 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም፣ በማስታገሻ የሚነሣ አስም ያለባቸው እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆኑ ሰዎች ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን ያለ ሐኪም ምክር መውሰድ አይገባቸውም። ሁለቱን በአንድነት መውሰድም አይፈቀድም፤ አንድ ዓይነት መድኃኒቶች በመሆናቸው ጉዳታቸው ይደመራል።

ማስታገሻ ከ1 ሳምንት በላይ በየቀኑ የሚያስፈልገው ሰው መድኃኒት ከመጨመር ይልቅ መመርመር ይኖርበታል። እንደ አሞክሳሲሊን ያሉ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች የጥርስ ሕመምን አያስታግሱም፤ የሚታዘዙት ኢንፌክሽኑ ሲሰራጭ ወይም ትኩሳት ሲኖር ነው፤ ያኔም ቢሆን የጥርሱን ሕክምና አይተኩም። ከጎረቤት ተውሶ ወይም ከታዘዘው ቀን በፊት አቋርጦ መውሰድ መድኃኒቱ ወደፊት እንዳይሠራ ያደርጋል።

በጤና ተቋም የሚሰጡ ሕክምናዎች

ሕክምናው መንስኤውን ይከተላል።

የተቦረቦረ ጥርስ እንደ ጉዳቱ መጠን ይሞላል፣ የጥርስ ሥር ሕክምና ይደረግለታል ወይም ይነቀላል። ሊድን የሚችል ጥርስን ማዳን ከመንቀል ይመረጣል። መግል የቋጠረ እብጠት በማደንዘዣ ተከፍቶ ይፈሳል። ድድ ሲታመም የጥርስ እጥበት ይሰጣል። ቦታ አጥቶ ደጋግሞ የሚያመረቅዝ የመጨረሻ የመንጋጋ ጥርስም በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ለመገጣጠሚያና ለጡንቻ ሕመም ቅድሚያ የሚሰጠው ምክር፣ የአንገትና የመንጋጋ ፊዚዮቴራፒ፣ የአጭር ጊዜ ማስታገሻ እንዲሁም ጥርስ ለሚያፋጩ ሰዎች በጥርስ ልክ ተሠርቶ ሌሊት የሚደረግ መከለያ ነው። ሕመሙ ሥር የሰደደ ከሆነ ሐኪሙ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ መድኃኒት በአነስተኛ መጠን ሊያዝ ይችላል፤ ይህ መድኃኒት ለድብርትም የሚሰጥ ቢሆንም በዚህ አኳኋን የሚታዘዘው የነርቭን የሕመም ስሜት ለማረጋጋት ነው። ጭንቀትን ማከምም የሕክምናው አካል ነው፤ ይህ ማለት ሕመሙ ምናባዊ ነው ማለት አይደለም። መገጣጠሚያን በመርፌ ማጠብና ቀዶ ሕክምና የሚታሰቡት ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሳይሠራ ሲቀር ነው። ለዚህ ሕመም ተብሎ ጤነኛ ጥርስን መሞረድ ወይም መንቀል የማይመለስ ጉዳት ስለሆነ አይመከርም።

ለፊት ነርቭ ሕመም በመጀመሪያ የሚታዘዘው ካርባማዘፔይን የተባለው መድኃኒት ሲሆን፣ መጠኑ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ በክትትልና በደም ምርመራም ይታጀባል። መድኃኒቱ ለጽንስ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል በመውለድ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ለሐኪሙ መግለጽ አለባቸው። በመድኃኒት ያልተሻለው ሰው ወደ ነርቭ ስፔሻሊስት ይላካል።

የተሰበረ መንጋጋ በሽቦ ወይም በብረት ሳህን ይጠገናል። የተጣበቀ መገጣጠሚያ በቀዶ ሕክምና ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ለወራት የሚቀጥል የአፍ መክፈት ልምምድ ካልተደረገ ግን ተመልሶ ሊጣበቅ ይችላል። ዕጢ ሲገኝ በመጀመሪያ ናሙና ተወስዶ ዓይነቱ ይለያል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች

ነፍሰ ጡር ሴቶች፦ የጥርስ ሕክምና በእርግዝና ወቅት የተከለከለ አይደለም። ኢንፌክሽንን ሳያክሙ መቆየት ለእናትም ለጽንስም ይበልጥ ያሰጋል። እርግዝናን ለባለሙያው አስቀድሞ መንገር ለራጅና ለመድኃኒት ምርጫ ይረዳል።

የስኳር ሕመምና የሰውነት መከላከል አቅም መቀነስ ያለባቸው ሰዎች፦ የጥርስ ኢንፌክሽን በእነርሱ ላይ ይፈጥናል፤ ስኳርንም ከቁጥጥር ያወጣል። ስለዚህ ማንኛውም የፊት እብጠት በዕለቱ መታየት አለበት።

ሕፃናት፦ አስፕሪን አይሰጣቸውም። የፓራሲታሞል መጠን በክብደታቸው ይሰላል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም ከኩፍኝ ያገገመ ሕፃን በድዱ ላይ ቁስል፣ መጥፎ ሽታና የጉንጭ እብጠት ከታየበት፣ ፊትን በቀናት ውስጥ የሚበላው የኖማ መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በመጀመሪያው ደረጃ ከተደረሰበት በፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት፣ በአፍ ንጽሕናና በአመጋገብ ሊቆም ይችላል።

ከመፈጸም መቆጠብ የሚገባ ድርጊት

ሕመም የጠናበት ሰው በቅርብ ያገኘውን ሁሉ መሞከሩ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሆኖም የሚከተሉት ድርጊቶች ጉዳት ያደርሳሉ።

• አስፕሪንን በድድ ላይ ማስቀመጥ ድድን ያቃጥላል። አረቄ መጉመጥመጥም መንስኤውን አይነካም።
• የባትሪ አሲድ፣ ቤንዚን ወይም ማንነቱ የማይታወቅ ኬሚካል በተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ መጨመር አጥንትን ጭምር ያበሰብሳል፤ ቢዋጥም ይመርዛል።
• ፈቃድ በሌለው ሰውና ባልተቀቀለ መሣሪያ ጥርስ ማስነቀል ለመንጋጋ ስብራት፣ ለደም መፍሰስ፣ ለጉበት ቫይረስና ለኤች አይ ቪ ያጋልጣል።
• እብጠትን በመርፌ ወይም በምላጭ መብጣት ኢንፌክሽኑን ወደ ጥልቅ ቦታ ያሰራጫል።
• የተቆለፈ ወይም የወለቀ መንጋጋን በጉልበት ማላቀቅ ስብራት ያስከትላል።

ቅርንፉድ ለጥርስ ሕመም ለጊዜው የማደንዘዝ ጠባይ አለው፤ ይሁን እንጂ ዘይቱ በብዛት ሲነካ ድድን ስለሚያቆስልና መንስኤውን ስለማያድን ወደ ሕክምና መሄድን ሊተካ አይችልም።

አገልግሎት ለማግኘት

አስቸኳይ ምልክት የሌለበት ሰው በቅድሚያ በአካባቢው ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። በጤና ኬላ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ምክር ይሰጣሉ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይልካሉ። የጥርስ ሕክምና ክፍል በሁሉም ጤና ጣቢያ ስለማይገኝ፣ ባለሙያው እንደ ሁኔታው ወደ መጀመሪያ ደረጃ ወይም ወደ ጠቅላላ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ይጽፋል። የመንጋጋ ስብራት፣ የተጣበቀ መገጣጠሚያና ዕጢ ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚላኩ ናቸው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውን ይዘው የሪፈር ሥርዓቱን በመከተል መገልገል ይኖርባቸዋል፤ ሥርዓቱን ያልተከተለ ሰው ወጪውን ራሱ ሊሸፍን ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥርስንና ለውበት የሚደረግ ሕክምናን በሚመለከት ሽፋን መኖር አለመኖሩን ከሕክምናው በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። ማንኛውም ታካሚ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሕክምናው አማራጭና ስለ ወጪው እንዲብራራለት የመጠየቅ መብት አለው። ጥርስ እንዲነቀል ሲነገረውም ምክንያቱንና ሌላ አማራጭ መኖሩን መጠየቅ ይችላል።

በድንገተኛ ጊዜ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 ነጻ የስልክ መስመር ይጠራል።

መከላከል

የጥርስን መቦርቦር ለመከላከል በቀን 2 ጊዜ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ተመራጭ ነው። የዛፍ መፋቂያ የሚጠቀም ሰው የጥርስን ውጭ ብቻ ሳይሆን ውስጡንና የኋላ ጥርሶችን ማዳረስ አለበት፤ መፋቂያን ከሌላ ሰው ጋር መጋራትም አይገባም። ስኳር የበዛባቸውን መጠጦችና ጣፋጮች መቀነስ፣ ትንባሆን መተው እንዲሁም ሕመም ባይኖርም በዓመት አንድ ጊዜ ጥርስን መታየት ይጠቅማል።

የመንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለው ክትባት በጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ሕፃናት በተወለዱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ይከተባሉ፤ በመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉና ነፍሰ ጡር የሆኑ ሴቶችም በመርሐ ግብሩ መሠረት ይወስዳሉ። አፈር የነካው ወይም በዛገ ብረት የተፈጠረ ቁስል ያጋጠመው ሰው ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

ለረጅም ጊዜ የቆየ የመንጋጋ ሕመም ታካሚው ተስፋ እንዲቆርጥ ሊያደርግ አይገባም። አንድ ሕክምና አለመሥራቱ መንስኤው ሌላ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው የተሰጠውን መድኃኒትና የምርመራ ውጤት ይዞ ወደ ጤና ተቋሙ ተመልሶ እንደገና መታየት ይኖርበታል።